ኮንቨርት ከማድረጋችሁ በፊት፦ የሠርግ ብሉሬይን ኤዲት ወደሚደረግ ፋይል ማውጣት

ከአሥር፣ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት አሜሪካ ወይም አውሮፓ የተጋቡ ብዙ ሰዎች ቤት፣ ቁም ሳጥኑ ቢፈተሽ አንድ ብሉሬይ ዲስክ አይጠፋም። ሠርጉን ያነሳው ሰው በሚያምር ሳጥን አድርጎ ሰጥቷቸዋል። አንዴ ሁለቴ ታይቷል። ከዚያ ማጫወቻው ተበላሸ፣ አዲሱ ላፕቶፕ ደግሞ የዲስክ ማስገቢያ የለውም። ዲስኩም እዚያው ቀረ።

የሚታወሰው ጉዳይ ሲመጣ ነው። የጋብቻው አሥረኛ ዓመት ይደርሳል። ወይም አባት ያርፋሉ፤ ሙት ዓመታቸው ላይ ሙሽሮቹን ሲመርቁ የሚታዩባትን ሦስት ደቂቃ ቆርጦ ማሳየት ይፈለጋል። ማንበቢያ ይገዛል፣ ዲስኩ ይከፈታል፣ ፋይሉ ኤዲት ማድረጊያ ፕሮግራም ውስጥ ይገባል። ከዚያ ወይ አልከፈትም ይላል፣ ወይ ምስሉ መጥቶ ድምፁ ይጠፋል፣ ወይ እየተንቀራፈፈ ያበሽቃል። ጓደኛ ይጠየቃል። "ኮንቨርት አድርገው በቃ" ይላል።

ምክሩ ስህተት አይደለም፣ ቦታው ግን መጨረሻ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ጭራሽ አያስፈልግም። ኮንቨርት ማድረግ ማለት ምስሉን ፈትቶ እንደ አዲስ መጨመቅ ነው፤ በተጨመቀ ቁጥር ትንሽ ነገር ይጠፋል፣ የጠፋው ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ መጀመሪያ ዲስኩን እንዳለ መቅዳት፣ ቀጥሎ ማቀፊያውን፣ ማለትም ምስሉና ድምፁ የታሸጉበትን የፋይል ዓይነት፣ ብቻ መቀየር፣ ካልሆነ ብቻ ኮንቨርት ማድረግ።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ስልክ ደውሉ። ሠርጉን ያነሳው ሰው ዋናውን ቀረጻ ይዞት ሊሆን ይችላል። ዲስኩ ላይ ያለው ካሜራው ያነሳው አይደለም። ተቆርጦ፣ ዘፈን ተጨምሮበት፣ ከዚያ ዲስኩ እንዲችለው ተጨምቆ የተጻፈ ነው። ዋናው ከተገኘ አባታችሁ ሲመርቁ ድምፃቸው ላይ የተጫነው ሙዚቃ አይኖርም። ይሄን የትኛውም ኮንቨርተር አያወጣላችሁም።

በእጃችሁ ያለው ምንድን ነው?

ብሉሬይ ገበያ ላይ የዋለው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። ባለ አንድ ንብርብሩ 25 ጊጋባይት፣ ባለ ሁለቱ 50 ጊጋባይት ይይዛል። ተራው ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ብቻ ነው። ልዩነቱ የመጣው ከሚያነበው ጨረር ነው። ዲቪዲ በቀይ ጨረር ይነበባል፣ የሞገዱ ርዝመት 650 ናኖሜትር ነው። የብሉሬይ ጨረር ወደ ሰማያዊ ሐምራዊ ያደላል፣ 405 ናኖሜትር ነው። ሞገዱ ባጠረ ቁጥር ጨረሩ ዲስኩ ላይ የሚያርፍባት ነጥብ ትቀጥናለች፣ በዚያው ስፋት ላይም ብዙ መጻፍ ይቻላል። የዲቪዲ ማንበቢያ ብሉሬይ የማያነበው ለዚህ ነው። በዩኤስቢ የሚሰካ የብሉሬይ ማንበቢያ መግዛት ወይም መዋስ ግድ ነው። ማክ ያላችሁ አትገረሙ፤ አፕል ብሉሬይ የተገጠመለት ኮምፒውተር ሸጦ አያውቅም።

ዲስኩን ስትከፍቱ የምታገኙት ፎልደር ብዙ ይነግራችኋል። "ቢዲኤምቪ" የሚል ካለ ከፍተኛ ጥራት ያለው ነው። "ቪዲዮ ቲኤስ" የሚል ከሆነ ግን ሳጥኑ ላይ ምንም ይጻፍ ምን ተራ ዲቪዲ ነው። ምስሉ በአሜሪካ አሠራር 720 በ480፣ በአውሮፓና በእኛ አገር አሠራር 720 በ576 ነጥብ ነው። ወደ 1080 ኮንቨርት ብታደርጉት ፋይሉ ይወፍራል እንጂ ፊቱ አይጠራም። ሌላም መሐል ላይ ያለ ዓይነት አለ። ሶኒና ፓናሶኒክ በ2006 ኤቪሲኤችዲ የሚባል አሠራር አውጥተው ነበር። ከፍተኛ ጥራት ያለውን ምስል ተራ ዲቪዲ ላይ በብሉሬይ አቀማመጥ መጻፍ ያስችላል። እንዲህ ያለው ዲስክ በዲቪዲ ማንበቢያም ይነበባል፤ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ሞክሩት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት። የምናወራው የራሳችሁ ስለሆነ ዲስክ ነው። ሱቅ የሚሸጥ የፊልም ብሉሬይ ኤኤሲኤስ በሚባል ቁልፍ ይቆለፋል። አሜሪካ ውስጥ በ1998 የወጣው የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ ያንን ቁልፍ መስበርን ይከለክላል፣ ፊልሙን ገዝታችሁት ቢሆንም። ለትምህርትና ለሂስ አጫጭር ቁራጭ መውሰድን የመሰሉ ጠበብ ያሉ ፈቃዶች አሉ፤ እሱ ራሱን የቻለ ርዕስ ነው። የሠርግ፣ የክርስትና፣ የምረቃ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ ቁልፍ የለበትም። ፋይሉን እንደ ማንኛውም ፋይል ኮፒ ማድረግ ይቻላል።

መጀመሪያ ቅጂ

ዲስኩ ላይ ሆናችሁ ምንም አትሥሩ። ሙሉውን ወደ ሃርድ ዲስክ ቅዱት። የብሉሬይ መነሻ ፍጥነት በሴኮንድ 36 ሜጋቢት ነው፣ በዚህ ፍጥነት 25 ጊጋባይት ለመቅዳት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። የዛሬ ማንበቢያዎች ብዙ እጥፍ ይፈጥናሉ፣ የቆየ ዲስክ ሲያገኙ ግን ራሳቸው ቀስ ይላሉ። ተዉት፣ ይቅዳ።

ዲስኩ መሐል ላይ ከተንገራገጨ በለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር በቀጥታ ጥረጉት፤ ዙሪያውን አታሽከርክሩ። እንቢ ካለ ሌላ ማንበቢያ ላይ ሞክሩ፣ አንዱ ያቃተውን ሌላው ያነበዋል። ዲዲሬስኪው የሚባል ነፃ ፕሮግራምም አለ። የተጎዳውን ቦታ ዘሎ ደህናውን መጀመሪያ ይወስዳል፣ ከዚያ ተመልሶ የዘለለውን ደጋግሞ ይሞክራል። ቤት ውስጥ የሚጻፉ ዲስኮች ሁሉ እኩል እንደማይቆዩም ልብ በሉ። ኤልቲኤች የሚል ምልክት ያላቸው ርካሾቹ የሚጻፍባቸው ንብርብር ከኦርጋኒክ ቀለም የተሠራ ነው፤ ብርሃንና ሙቀት ቶሎ ይጎዳዋል። ዲስኩ ራሱም ዕድሜው እያለቀ ያለ ነገር ነው። ሶኒ የሚጻፍበትን ብሉሬይ ማምረት በየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. አቁሟል። "አንድ ቀን አወጣዋለሁ" የምትሉ ካላችሁ ያ አንድ ቀን ዘንድሮ ቢሆን ጥሩ ነው።

ስትቀዱ ፎልደሩን በሙሉ እንጂ አንዱን ትልቅ ፋይል ብቻ አትውሰዱ። ምክንያቱን ውስጡን ስታዩ ታገኙታላችሁ። ቢዲኤምቪ ውስጥ "ስትሪም" የሚል ፎልደር አለ። እዚያ ውስጥ 00000፣ 00001፣ 00002 እየተባሉ የተደረደሩ ፋይሎች ታያላችሁ፣ ሁሉም በኤምቱቲኤስ የሚያልቁ። ጥቂት ሜጋባይት የሆኑት የሜኑ ጌጥ ናቸው። 15 ወይም 20 ጊጋባይት የሆነው ዋናው ነው። አንዳንዴ ግን ዋናው አንድ አይደለም። ቤተ ክርስቲያኑ በአንድ ፋይል፣ አዳራሹ በሌላ፣ መልሱ በሦስተኛ ይሆናል። የትኛው ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ የሚናገረው "ፕሌይሊስት" የሚባለው ፎልደር ውስጥ ያለው ትንሽ ፋይል ነው። እሱን ትታችሁ የቪዲዮ ፋይሎቹን በቁጥራቸው ብትደረድሩ መልሱ ከሠርጉ ሊቀድም ይችላል። መጋጠሚያው ላይም ድምፅ ቋ ብሎ ይቆረጣል።

ማቀፊያውና ምስሉ

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ኤምቱቲኤስ የፋይሉ ማቀፊያ ነው። ምስሉ የተጨመቀበት ዘዴ ሌላ ነው፣ ኮዴክ ይባላል። በብሉሬይ ላይ የተፈቀዱት የምስል ኮዴኮች ሦስት ናቸው፦ ኤምፔግ-2፣ ኤች.264 እና ቪሲ-1። የሠርግ ዲስኮች አብዛኞቹ ኤች.264 ናቸው። ኤምፒፎር፣ ኤምኦቪና ኤምኬቪም ማቀፊያዎች ናቸው። ያው ኤች.264 ምስል ከእነዚህ በየትኛውም ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። መሶቡ ሲለወጥ እንጀራው አይለወጥም።

ታዲያ ኤዲት ማድረጊያው በምን ተናደደ? ኤምቱቲኤስ የተሠራው ዲስክ ላይ ተቀምጦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲፈስ ነው። ውስጡ በ192 ባይት ቁርጥራጭ የተከፋፈለ ነው። ቴሌቪዥን ስርጭት የሚጠቀምበት የ188 ባይት ቁራጭ ላይ 4 ባይት የሰዓት ምልክት ተጨምሮበት ማለት ነው። ለማጫወቻ ይሄ ይበቃዋል። የጎደለው ማውጫ ነው። ኤምፒፎር እያንዳንዱ ፍሬም (ቪዲዮው የተሠራበት አንድ ነጠላ ምስል) ፋይሉ ውስጥ የት ቦታ እንዳለ የሚዘረዝር ማውጫ አለው። ኤምቱቲኤስ በውስጡ ይህ የለውም። "ወደ 47ኛው ደቂቃ ውሰደኝ" ስትሉት ፕሮግራሙ እየዳበሰ ነው የሚፈልገው።

መፍትሔው ማቀፊያውን ብቻ መቀየር ነው። ባለሙያዎቹ ሪራፕ ይሉታል። ኤፍኤፍኤምፔግ ይህን የሚሠራ ነፃ ፕሮግራም ነው፣ ግን ትእዛዝ በጽሑፍ ነው የሚቀበለው። ቁልፍ መጫን የሚመርጥ ሰው ሻተር ኢንኮደርን ያውርድ፤ እሱም ነፃ ነው፣ ውስጡ ያው ኤፍኤፍኤምፔግ ነው፣ ሪራፕ የሚል ምርጫም አለው። ምስሉ ስለማይነካ ሥራው ከኮፒ ብዙም አይለይም። 20 ጊጋባይት በደቂቃዎች ያልቃል፣ ከጥራቱ ላይ አንዲት ነጥብ አትጎድልም። ከመጀመራችሁ በፊት ፋይሉን ሚዲያኢንፎ በሚባል ፕሮግራም ክፈቱት። ኮዴኩን፣ የፍሬሙን ቁጥር፣ የድምፁን ዓይነት በአንድ ገጽ ይዘረዝርላችኋል። ቀጥሎ ለማነሳቸው ነገሮች ሁሉ ያ ገጽ ያስፈልጋችኋል።

ሁለት የታወቁ ፕሮግራሞች ሰውን ያሳስታሉ። ሃንድብሬክ ጎበዝ ነው፣ ግን ምስሉን ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይጨምቀዋል። ስልክ ላይ ለማየት አሪፍ ነው፣ ለኤዲት መነሻ ግን አይሆንም። ሜክኤምኬቪ በተቃራኒው ምስሉን አይነካም፣ ፕሌይሊስቱንም ተከትሎ ያወጣል። የሚያወጣው ግን ኤምኬቪ ነው፣ የአፕሉ ኤዲት ማድረጊያ ፋይናል ከት ደግሞ ኤምኬቪ አይከፍትም። እንደገና ወደ ኤምኦቪ ማቀፍ ይኖርባችኋል።

ድምፅ ለብቻው ያስቸግራል። ዲስኩ ላይ ያለው ድምፅ ብዙ ጊዜ ዶልቢው ኤሲ-3 ነው፣ አለዚያ ያልተጨመቀ ፒሲኤም ነው። ኤሲ-3ን የማይገባቸው ኤዲት ማድረጊያዎች አሉ፤ ምስል ያለ ድምፅ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ለዚህ ነው። ብሉሬይ ላይ ያለው ፒሲኤም ደግሞ ለዲስኩ ተብሎ በራሱ መንገድ የተደረደረ ስለሆነ ኤምኦቪ ውስጥ እንዳለ አይገባም። ለሁለቱም መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ምስሉን ሳትነኩ ድምፁን ብቻ ወደ ተራ ፒሲኤም፣ 48 ኪሎኸርዝ ቀይሩት። ጥራት አትከስሩም፣ ፋይሉም ብዙ አይጨምርም። ሲያልቅ መጀመሪያውን፣ መሐሉንና መጨረሻውን እያጫወታችሁ ከንፈርና ድምፅ መግጠሙን እዩ። ቄሱ ሲናገሩ ማየት ጥሩ መፈተኛ ነው፤ ዘፈን ላይ አይታወቅም።

ከዚህ በኋላም ከተንቀራፈፈስ?

ከኮዴኩ አሠራር የመጣ ነው ማለት ነው። አንድ ፍሬም 1920 በ1080 ነው፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥብ። በሴኮንድ 30 ያህል እንዲህ ያለ ፍሬም ሳይጨመቅ ቢጻፍ 745 ሜጋቢት ገደማ ይሆናል። ብሉሬይ ለምስል የሚፈቅደው ጣራው 40 ነው። ስለዚህ ኮዴኩ ይቆጥባል። እናትየዋ ሙሽራዋን አቅፈው ሲስሟት አስቡ። ከኋላ ያለው መጋረጃ አልተንቀሳቀሰም። ኮዴኩ መጋረጃውን አንድ ጊዜ በሙሉ ይጽፈዋል፤ ለሚቀጥሉት ፍሬሞች "እንዳለ ነው" ብሎ ያልፋል። የሚጽፈው እጃቸውና ፊታቸው ወዴት እንደሄደ ብቻ ነው። ሙሉው ፍሬም አይ-ፍሬም ይባላል፣ ግማሽ ሴኮንድ ወይም አንድ ሴኮንድ አካባቢ አንዴ ይመጣል። በመካከል ያሉት ከፊታቸው ወይም ከኋላቸው ካሉት እየተዋሱ ነው የሚቆሙት። አንዳንዶቹ ከሁለቱም በኩል ይዋሳሉ።

ወደፊት እያዩ መሄድ ለኮምፒውተሩ ቀላል ነው። ኤዲት ስታደርጉ ግን ትዘላላችሁ፣ ወደ ኋላ ትጎትታላችሁ፣ አንድ ፍሬም ትቀንሳላችሁ፣ አንድ ትጨምራላችሁ። የቆማችሁበትን አንድ ፍሬም ለማሳየት ኮምፒውተሩ ወደ ቅርቡ አይ-ፍሬም ተመልሶ ከዚያ ጀምሮ ሁሉንም መፍታት አለበት። ሦስት ቪዲዮ ተደራርቦ ሲመጣ የላፕቶፑ ማራገቢያ መጮህ ይጀምራል።

ኮንቨርት ማድረግ ትርጉም የሚኖረው እዚህ ነው። ለኤዲት የተሠሩ ኮዴኮች እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው፣ በሙሉ ይጽፋሉ። የአፕሉ ፕሮሬስ በ2007፣ የአቪዱ ዲኤንኤክስኤችዲ በ2004 የወጡ ናቸው፤ የኋለኛው ዲኤንኤክስኤችአር የሚባል ተከታይም አለው። ማክ ላይ ፕሮሬስ፣ ዊንዶውስ ላይ ዲኤንኤክስኤችአር መምረጥ የተለመደ ነው፤ ዛሬ ሁለቱም በሁለቱም ይሠራሉ። ዋጋው ቦታ ነው። ፕሮሬስ 422 በ1080፣ በሴኮንድ 29.97 ፍሬም ሲሆን በሴኮንድ 147 ሜጋቢት ይወስዳል፣ በሰዓት 66 ጊጋባይት ማለት ነው። 25 ሜጋቢት የሆነ የዲስክ ፋይል በሰዓት 11 ጊጋባይት ገደማ ነበር። የሁለት ሰዓት ሠርግ 132 ጊጋባይት ይሆናል። ፍላሽ ፈልጋችሁ አትድከሙ፣ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ያስፈልጋል።

ወይም ሙሉውን አትቀይሩ። ሎስለስከት በሚባል ነፃ ፕሮግራም የምትፈልጉትን አሥራ ሁለት ደቂቃ ሳትጨምቁ ቆርጣችሁ አውጡ። ያለ ጭመቃ የሚቆረጠው አይ-ፍሬም ላይ ብቻ ስለሆነ ከሁለቱም ጫፍ ጥቂት ሴኮንድ ትርፍ ተዉ። ያቺን ብቻ ወደ ፕሮሬስ ብትቀይሩ 13 ጊጋባይት ገደማ ነው። ለሦስት ደቂቃ ምርቃት ደግሞ፣ በእኔ አስተያየት፣ ሪራፕ ከበቂ በላይ ነው። የቅርብ ዓመታት ኮምፒውተሮች ኤች.264ን የሚፈታ የራሱ ክፍል ቺፓቸው ውስጥ አላቸው፣ አያስቸግራቸውም።

ፕሮሬስ ኤችኪው ወይም 4444 የሚለውን ያየ ሰው "ትልቁን ልምረጥ" ይላል። አያስፈልግም። ብሉሬይ ላይ ያለው ቀለም ባለ 8 ቢት ነው፣ የቀለሙ ዝርዝርም ከብርሃኑ በአራት እጥፍ ያነሰ ነው። የሌለውን ማንም አይጨምርለትም። ትርፉ ሃርድ ዲስክ መሙላት ነው።

ሃምሳና ስልሳ፣ አግድም መስመርና ቀጭን ፊት

እዚህ ላይ የእኛ ሰው የተለየ ችግር አለበት፣ ምክንያቱም ሠርጉ ሁለት አገር ነው። ቤተ ክርስቲያኑና አዳራሹ ሜሪላንድ፣ መልሱ አዲስ አበባ። የአሜሪካ ካሜራ በሴኮንድ 29.97 ፍሬም ወይም 59.94 ግማሽ ፍሬም ያነሳል። ኢትዮጵያ፣ አውሮፓ፣ እስራኤልና የባሕረ ሰላጤው አገሮች 25ና 50 ናቸው። ሁለቱን አንድ ታይምላይን (ኤዲት ስታደርጉ ቅንጥቦቹ የሚደረደሩበት መስመር) ላይ ስታስቀምጡ አንዱ ወደ ሌላው መለወጡ ግድ ነው፤ ካሜራው ዞር ሲል ምስሉ ይዘላል። ማጥፊያ የለውም፣ መቀነስ ግን ይቻላል፦ ታይምላይኑን ብዙ ደቂቃ ባለው በኩል አድርጉት፣ የሌላኛውን ቅንጥብ አጭር አጭር አድርጋችሁ አስገቡ።

ግማሽ ፍሬም ያልኩት ኢንተርሌስ የሚባለውን ነው። ካሜራው መጀመሪያ ጎዶሎ ቁጥር መስመሮቹን፣ ቀጥሎ ሙሉ ቁጥሮቹን ያነሳል። ሁለቱ በተለያየ ቅጽበት የተነሱ ስለሆኑ እስክስታ የሚመታ ሰው ትከሻ ኮምፒውተር ላይ ጠርዙ በአግድም መስመር ይሰነጣጠቃል። ይህን ካያችሁ ዲኢንተርሌስ ማድረግ፣ ማለትም ግማሾቹን ወደ ሙሉ ፍሬም መለወጥ ያስፈልጋል፤ ሲቻል 50ውን ግማሽ ወደ 50 ሙሉ፣ 60ውን ወደ 60 በሚቀይረው መንገድ። ጭፈራው ልስላሴውን አያጣም።

ግን ሚዲያኢንፎ "ኢንተርሌስ" ስላለ ብቻ አታድርጉት። የመጀመሪያው የብሉሬይ ደንብ ባለ 1080 ምስልን በሙሉ ፍሬም የሚቀበለው በ24 ብቻ ነበር። በ25 ወይም በ30 ሙሉ ፍሬም የተነሳ ሠርግ ዲስክ ላይ የገባው "ኢንተርሌስ ነኝ" የሚል ታርጋ ተለጥፎለት ነው። እንዲህ ያለውን ዲኢንተርሌስ ብታደርጉ ያለ ምክንያት ዝርዝሩን ታደበዝዛላችሁ። የሚፈርደው ዓይን ነው። የሚጨፍር ሰው ላይ አቁማችሁ ጠርዙን አጉልታችሁ እዩ። መስመር ከሌለ ኤዲት ማድረጊያው ውስጥ ገብታችሁ ፕሮግሬሲቭ (ሙሉ ፍሬም) ነው በሉት፣ አለቀ።

ሁሉም ሰው ቀጠን ብሎ ከታየ ደግሞ ፋይሉ ምናልባት 1440 በ1080 ነው። አንዳንድ ካሜራዎች ቦታ ለመቆጠብ እንዲህ ያነሱ ነበር፤ ማጫወቻው ወደ ጎን ለጥጦ 1920 ያደርገዋል። ኤዲት ማድረጊያው ካልለጠጠው የፒክስሉን ምጥጥን 1.333 አድርጉት።

ይሄ ሁሉ ለእኔ አይሆንም ብሎ ሥራውን ለሚሠራ ሱቅ መስጠትም ይቻላል። ግን "በፍላሽ አድርግልኝ" ብቻ ብላችሁ አትውጡ። 20 ጊጋባይቱ 2 ጊጋባይት ሆኖ ይመለስላችኋል፣ በትንሹ ስልክ ላይ ልዩነቱ አይታይም፣ አዳራሽ ውስጥ ትልቅ ስክሪን ላይ ነው የሚያሳፍረው። "የቢዲኤምቪ ፎልደሩን ሳትጨምቅ እንዳለ ስጠኝ፣ ከቻልክ ሪራፕ የተደረገም ጨምርልኝ" በሉት። ባዶ ሃርድ ዲስክ ይዛችሁ ሂዱ።

ቆርጣችሁ ስትጨርሱ ለዘመድ የሚላከውን በኤች.264፣ በ1080፣ በሴኮንድ ከ15 እስከ 20 ሜጋቢት አውጡት። በ20 ሜጋቢት ሦስት ደቂቃ 450 ሜጋባይት ነው። ቴሌግራም እስከ 2 ጊጋባይት ስለሚቀበል ያለ ችግር ይሄዳል። ስትልኩ ግን እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ቪዲዮ ከላካችሁት አፑ ራሱ እንደገና ሊጨምቀው ይችላል።